ዩኒየኑ ማንን ምረጡ አለ?

ዛሬ በእረፍት ሰዓት ክርክሩ ደርቶ ቡናዬ ቀዘቀዘ። የላስ ቬጋስ ሆቴል ሠራተኞች ነን፤ ማኅበራችን ኩሊናሪ ዩኒየን ነው። ምርጫ ሲመጣ ከሴኔት እስከ ስቴት ምክር ቤት ድረስ "እነዚህን ደግፉ" ይለናል።

"እኔ መዋጮ የምከፍለው ለኮንትራቴ እንጂ ለፖለቲካ አይደለም" አሉ አንድ አብረውን የሚሠሩ ጋሼ። በፌዴራል ሕግ የአባልነት መዋጮ በቀጥታ ለፌዴራል እጩ እንደማይሰጥ፣ ለዚያ በፈቃደኝነት የሚዋጣ ሌላ ገንዘብ እንዳለ ነገርኳቸው። አልተዋጠላቸውም።

ደግሞ የዩኒየኑ ቃል ሁሌም አይሠራም። በ2024 ካማላ ሃሪስን ደገፈ። ትራምፕ ግን እዚሁ ከተማችን መጥቶ "ቲፕ ላይ ታክስ አይኖርም" ብሎ ነበር፤ ግዛታችንን ኔቫዳንም አሸነፈ። በቲፕ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለማ! በዚያው ምርጫ ግን ዩኒየኑ የደገፋት ጃኪ ሮዘን የሴኔት ወንበሯን አስጠበቀች። አንዳንዱ ሰው አንዱን ሰምቶ ሌላውን ትቷል ማለት ነው።

እኔ የቲምስተርስ፣ ማለትም የከባድ መኪና ሾፌሮችና የሌሎች ሠራተኞች ዩኒየን፣ ነገር ይማርከኛል። በዚያው ዓመት አባላቱን ጠየቀ፣ አብዛኛው ወደ ትራምፕ ያዘነበለበትን ውጤት ይፋ አደረገ፣ ለፕሬዝዳንትነት ግን ማንንም አልደግፍም አለ። ብዙ ቅርንጫፎቹ ደግሞ በራሳቸው ሃሪስን ደገፉ። ዝብርቅርቅ ያለ ነው፣ ግን ቢያንስ ተጠይቀዋል።

ይህን ስል ጋሼ ሳቁ። "እኔን ቢጠይቁኝማ እረፍቱም አይበቃን!"