ገመዱን አትቁረጥ

በትንሽ መርከብ አስጎብኚ ሆኖ መሥራት የሚወደድበት ምክንያት ቅርበቱ ነው። በትልቁ መርከብ ተሳፋሪው ዓሣ ነባሪን ከፎቅ ላይ ሆኖ ያያል። እኛ ጋ ትንፋሹን ይሰማል፤ ነፋሱ ወደ እኛ ከሆነ ደግሞ ያሸተዋል። ይከረፋል፣ ግን ማንም አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ አላየሁም። ቅርበቱ ታዲያ ሰውን ያስቸኩላል። ቶሎ እጃችንን እንድናስገባ ይገፋፋናል።

ሐምሌ ላይ ነው፣ በደቡብ ምሥራቅ አላስካ፣ ፍሬድሪክ ሳውንድ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ውስጥ። ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ብርዱ ሲመጣ ብዙዎቹ ወደ ሃዋይ ወርደው ይዋለዳሉ፤ እዚያ እያሉ ከሞላ ጎደል አይበሉም። ስለዚህ አላስካ ሳሉ ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣና ክሪል የሚባለውን ሽሪምፕ መሰል ትንሽ ፍጥረት ጠግበው ስብ ማጠራቀም አለባቸው። ያን ቀን ጠዋት ሲበሉ ስናያቸው አረፈድን፤ ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱ በርቷል።

ከምሳ በኋላ ግን አንዱ አላማረኝም። ሃምፕባክ ጠልቆ ሲገባ ብዙ ጊዜ ጅራቱን ከውኃ ያወጣል። ይሄኛው ጀርባውን ብቻ አሳይቶ ይሰምጣል፣ ወዲያው ደግሞ ለመተንፈስ ይወጣል። በባይኖኩላር ሳየው ጅራቱ ሥር ቢጫ ገመድ ተጠምጥሞበታል። ገመዱ ቆዳው ውስጥ ገብቷል፤ የተፋቀው ቦታ ዙሪያውን ነጭ ሆኗል። ትርፉ ከኋላው እየተጎተተ ጫፉ ላይ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ኳስ ይዟል። ከዓሣ አጥማጆች ወጥመድ የመጣ ይመስላል።

ወሬው መርከቡን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አንድ ወጣት ባልደረባችን ቢላውን ይዞ ትንሿን ጀልባ ሊያወርድ ሮጠ። «ኳሱን ይዤ ገመዱን ብቆርጥለት አምስት ደቂቃ አይፈጅም!» አለ። ካፒቴናችን ከላይ ሆነው ተጣሩ፦ «የኔ ልጅ፣ ቢላውን አስቀምጥ። ያ ገመድ ለሚያድኑት ሰዎች መያዣቸው ነው።»

አንዲት ተሳፋሪ አለቀሰች። አንድ ሰውዬም «ታዲያ እያየነው ይሙት?» ብሎ ጮኸ። ንዴቱ ይገባኛል፣ እኔም ውስጤ እየተቃጠለ ነበር። ማስረዳት ግን የኔ ሥራ ነው፣ አስረዳኋቸው። ተንጠልጥሎ የሚጎተተውን ብትቆርጥ ጅራቱን የያዘው እዚያው ይቀራል። ገመዱ እየጠበቀ፣ ቆዳውን እየበላው ይሄዳል። ባለሙያዎቹ ደግሞ ሲመጡ የሚይዙት ያጣሉ፤ ከሩቅ ለይቶ ማግኘቱም ይከብዳል። 30 ቶን የሚመዝን የታመመ እንስሳ አጠገብ በትንሽ ጀልባ መቆምም ሌላ ጣጣ ነው። ጆ ሃውሌት የሚባል ካናዳዊ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ዓሣ ነባሪዎችን ከገመድ በማላቀቅ የተመሰከረለት። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዱን ነፃ ባወጣበት ቅጽበት ያው ዓሣ ነባሪ መትቶት ሞተ። ሥልጠናውም ልምዱም የነበረው ሰው ነው። ይህን ስነግራቸው ሰውዬው ዝም አለ።

ካፒቴኑ በሬዲዮ ቻናል 16 የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎችን ጠሩ፤ እነሱም ለሚመለከታቸው አስተላለፉ። መልሱ አጭር ነበር፦ ከዓይናችሁ እንዳታጡት፣ ፎቶ አንሱ፣ አትቅረቡ። አላስካ ውስጥ ከሃምፕባክ 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ መራቅ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሕግ ነው፤ ታሞ ስላየነው ሕጉ አይላላም።

የቀኑን ጉዞ ሰረዝነው። ያለቀሰችው ሴት የሚወጣበትን ሰዓት እየመዘገበች ተቀመጠች። ሰውዬው ትልቅ ካሜራ ነበረው፤ የጅራቱን ሥር፣ የገመዱን ቀለም፣ ኳሱን ከየአቅጣጫው አነሳልን። ወጣቱ ባልደረባዬ ከመርከቡ አፍንጫ ላይ አልተነሳም፤ ዓሣ ነባሪው በወጣ ቁጥር በእጁ ያመለክታል፣ ካፒቴኑ ቦታውን በጂፒኤስ ይመዘግባሉ። ብዙ ሰዓት እንዲህ ቆየን። ሲርቅ ቀስ ብለን እንከተላለን፣ ሲቀርበን ማርሹን ነፃ አድርገን እንቆማለን።

የሠለጠኑት ሰዎች በጎማ ጀልባ የደረሱት ወደ ማታ ነው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ለመቁረጥ ብርሃኑ እንደማይበቃቸው ሲያውቁ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ አሰሩበት። የት? ያው ልንቆርጠው የነበረው ገመድ ላይ። በማግስቱ መሣሪያውን ተከትለው አገኙት፤ ረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ቢላ ጅራቱ ላይ ያለውን ቆረጡለት። ወሬውን ካፒቴኑ ቁርስ ላይ በድምፅ ማጉያ ሲነግሩን ሰው ሁሉ ተቃቀፈ።

አሁን በመጀመሪያው ቀን ገለጻ ላይ ስለ ሕይወት አድን ጃኬት ከተናገርን በኋላ ይህንንም እንጨምራለን፦ ገመድ ያለበት ዓሣ ነባሪ ካየን ማን ሬዲዮ እንደሚይዝ፣ ማን ሰዓት እንደሚመዘግብ፣ የማን ካሜራ ሩቅ እንደሚያመጣ። ሥራውን ከተሳፋሪው ጋር እዚያው እንከፋፈላለን። የጀልባዋን ማውረጃ ቁልፍ ደግሞ ካፒቴኑ ይይዙታል።