ከሃያ አራቱ አሥራ ሁለቱ

ጋሼን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ገበያተኛው «ዶክተር» ይላቸዋል። የድሮ የጦር ጓዶቻቸው «አስር አለቃ» ይሏቸዋል። እኔ ደግሞ ጋሼ እላቸው ነበር። ዶክተር አልነበሩም። ግን በእኛ አገር ገጠር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከኮሌጅ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ዶክተር ተብዬ ነበር። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው። መድኃኒት ቤቷ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበረች። አንድ ክፍል፣ አንድ ባንኮኒ፣ መብራት ሲኖር የሚሠራ አንድ ፍሪጅ።

ጋሼ በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ከዘመቱት የጎጃም ገበሬ ልጆች አንዱ ናቸው። ማንበብና መጻፍ ስለሚችሉ ለሕክምና ረዳትነት ተመረጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሲበሠር እሳቸው ከተራራው ሥር ቁስለኛ ያስሩ ነበር። «ማሸነፋችንን የሰማሁት እጄን ስታጠብ ነው» ይላሉ። ከዚያ ኦጋዴን፣ ከዚያ ሰሜን። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በለመኑት መኪና አገራቸው ገቡ። ማታ ማታ ተምረው የፋርማሲ ዲፕሎማቸውን ሲይዙ ዕድሜያቸው አርባን አልፎ ነበር።

ወታደርነቱ ግን ከመደርደሪያው አልወጣም። መድኃኒቱ ሁሉ በሰልፍ ነው የሚቆመው። ጊዜው ሊያልፍ የቀረበው ከፊት፣ ብዙ ጊዜ ያለው ከኋላ። አንድ የሽሮፕ ጠርሙስ ዘንበል ካለ «ይሄ ምነው ከሰልፍ ወጣ?» ይሉኛል። ማታ ማታ የሸጥነውንና የቀረውን በደብተር እናመሳክራለን። አንዲት ፍሬ ፓራሲታሞል ከጎደለች እራት የለም።

ሌላው ጠባያቸው እግራቸው ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከዘራቸውን ይዘው፣ ኮዳቸውን በትከሻ አንግተው ወደ ጮቄ ይወጣሉ። ሲላቸው ደግሞ በማለዳ መኪና ተሳፍረው ወደ አባይ በኩል ወርደው አምባዛ ያጠምዳሉ። ጠመንጃ ግን ከ83 ወዲህ ነክተው አያውቁም። ጎጃም ውስጥ ይሄ ራሱ ወሬ ነው። ከተሜው ከዚህም ከዚያም አድርጎ ያማቸዋል። «ከብት ሳይጠፋበት ተራራ የሚወጣ ሰው» ይላቸዋል። እሳቸው አይሰሙም፤ ወይም የማይሰሙ ይመስላሉ። አንዳንድ እሁድ እኔንም ያስከትሉኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጅብራ ያለበት ከፍታ ስንደርስ ትንፋሼ ሊቆረጥ ነበር። እሳቸው በሃምሳ ምናምን ዓመታቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየበሉ ጠበቁኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ማክሰኞ፣ የገበያ ቀን ነው። ባንኮኒው ፊት ሰው እንደ ጤፍ ፈሷል። አንዱ የራስ ምታት ሁለት ፍሬ ይላል፤ ሌላው «ያቺን ባለ ሁለት ቀለሟን» ይላል፤ ሦስተኛው የበሬ መድኃኒት ካልሰጣችሁኝ ብሎ ይጨቃጨቃል። ጋሼ ዕቃ ሊያመጡ ማርቆስ ሄደዋል። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ደግሞም ብቻዬን በመሆኔ ኮርቻለሁ።

አንዲት እናት ማዘዣ ዘረጉልኝ። ኮአርተም ይላል፤ የወባ ክኒን። ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ፣ ያገኘውን ገንዘብ ከወባ ጋር ይዞ ተመልሷል። በኅዳር ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ደጋው ወባ የለበትም፤ ልጆቹ ናቸው ከቆላ ተሸክመው የሚያመጡት። ሃያ አራቱን ፍሬ ሰጠኋቸውና በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ።

«ቤት ሲደርሱ አራት፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ አራት። ከዚያ ጧትና ማታ አራት አራት። በጠቅላላው ሦስት ቀን። ከምግብ ጋር ይሁን፤ ቅባት ያለው ምግብ ቢሆን ይመረጣል። ገባዎት?»

«ገባኝ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ካርቶኑ ላይ «4×2×3» ብዬ ጻፍኩና «ቀጣይ!» አልኩ። ሴትዮዋ ፊደል ይቆጥሩ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። አይቆጥሩም ነበር። ቢቆጥሩስ? «4×2×3» የሚለውን ከእኔ ብጤ በቀር ማን ያነበዋል?

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። እሁድ ከጋሼ ጋር ወደ ተራራው ስንወጣ አንድ መንደር ላይ ውኃ ለመጠየቅ ጎራ አልን። የቤቱ እመቤት አዩኝና ፊታቸው በራ። «ዶክተር! ልጄን ያዳንክልኝ ዶክተር!» አሉ። ደረቴን ነፋሁ። ጋሼ ዘወር ብለው አዩኝ።

«ልጁ የታለ?» አሉ።

«ድኖልኝ ነበር። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ተመልሶ ጣለው። ግን አይስጉ፣ መድኃኒቱን ቆጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ማታ ልሰጠው ነው።»

ከመደቡ ራስጌ ካለች ሙዳይ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ጋሼ ፈቱት። ቢጫዎቹ ክኒኖች ከነሽፋናቸው ወጡ። ጋሼ በአውራ ጣታቸው እየነኩ፣ ጮክ ብለው፣ አንድ በአንድ ቆጠሩ። አሥራ ሁለት ላይ አበቁ።

«እንዴት አድርገው ነበር የሰጡት እናቴ?»

«እንደታዘዝኩት ነዋ። ሦስት ቀን፣ አራት አራት፣ ከምግብ ጋር።»

«በቀን ስንቴ?»

«ምግቡ አንዴ ነዋ ጌታዬ። ጾም አይደል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንሽ ይቀምሳል። ማታ እህል አልወስድ አለው። ከምግብ ጋር ካልሆነ አይሰጥ ተብዬ የለ?»

«ቅባቱስ?»

ሴትዮዋ አዘኑብን። «በጾም ቅቤ? እንዴት ተደርጎ!»

እንዲህ ሲሆን ነው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የሚባለው። ሴትዮዋ አንዲት ቃል አላጎደሉም። ያልኩትን በሙሉ ፈጽመዋል። እኔ ያላልኩትን ግን ከየት ያምጡት? መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን የሚባለው ክፍል ያለ ቅባት ወደ ደም እንደልብ አይገባም። ይሄን ለፈተና ሸምድጄ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ስለዚህ ልጁ ግማሹን መድኃኒት፣ ያንኑም በደረቅ እንጀራ ወስዷል። ወባው ደንግጦ ተደበቀ እንጂ አልሞተም።

ጋሼ ወደ ውስጥ ገብተው ልጁን አዩት። መደብ ላይ ሁለት ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ስሙን ጠየቁት፤ የመለሰው ስለ ሰሊጥ ነው። ዓይኑን ገልጠው አዩና ቀና አሉ። «ይሄ በክኒን የሚመለስ አይደለም። ቃሬዛ!»

ድምፃቸው ሌላ ነበር። ያን ድምፅ ባንኮኒ ጀርባ ሰምቼው አላውቅም። በደቂቃ ውስጥ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ቃሬዛው ተሠራ። አራት ተሸካሚ፣ አራት ተጠባባቂ። «ቀይር!» ሲሉ ተጠባባቂው ከጎን ይገባል፣ ተሸካሚው ወደ ኋላ ይወጣል፣ ቃሬዛው ግን አይቆምም። ሁለት ሰዓት ያህል ቁልቁለት ስንወርድ አንዴም መሬት አልነካም። እኔ ትከሻዬ ተልጦ ነበር። ጋሼም ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ። «እርስዎ ይተዉ» ያላቸውን ጎረምሳ አይተው ዝም አሉት።

ጤና ጣቢያ አደረስነው። የደም ምርመራው ፋልሲፓረም አለ፤ ከወባ ዓይነቶች ክፉው። አርቴሱኔት በመርፌ ጀመሩለት። ሌሊቱን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አሳለፍነው። ስድቡን እየጠበቅኩ ነው። አልመጣም። ዝምታው ከስድብ ይከፋ ነበር። ወደ እኩለ ሌሊት ግድም ኮዳቸውን አቀበሉኝና ማውራት ጀመሩ።

ከካራማራ በኋላ ጎዴ በኩል፣ ዋቢ ሸበሌ ዳር ሰፍረው ነበር። ወባው ከጥይቱ አልተናነሰም። የእሳቸው ሥራ በየሳምንቱ ክሎሮኪን ማደል ነው። ያድላሉ፣ ስም ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ደብተሩ አንድም አይጎድልም። ወታደሩ ግን ይወድቃል። አዛዡ ጠርቶ «መድኃኒቱን ትሸጠዋለህ?» አላቸው። ደብተሩን አሳዩ። አዛዡ ደብተሩን አላየም። እጃቸውን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዳቸው። አሸዋው ላይ ነጫጭ ክኒን እንደ ጠጠር ተበትኗል። ክሎሮኪን እሬት ነው የሚመረው። ወታደሩ ምላሱ ሥር ይዞ፣ ዞር ብሎ ይተፋዋል።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ለአንድ ወር ሙሉ እያንዳንዱን ወታደር አፍህን ክፈት እያልኩ፣ ምላሱን እያስነሳሁ አየሁ። ሦስት ጊዜ ጣቴን ተነክሻለሁ።» ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። «አንተ የሰጠኸውን ጽፈሃል። ጥሩ። የዋጠውን ማን ጻፈው?»

እኔ ጥፋቴን ልናዘዝ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። «ስማ። ከዛሬ ጀምሮ ‹ገባዎት?› የምትባል ቃል ከቤቴ ትውጣ። የጎጃም እናት ‹አልገባኝም› ብላ ልጅ እግሩን ዶክተር ታሳፍራለች? ይሉኝታዋስ? ‹ገባኝ› ብላህ ትሄዳለች። ይልቅስ ‹ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ ምን ብለው ይነግሩታል?› በላት። ራሷ ትንገርህ። ከዚያ በፊት ደግሞ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበሉ ጠይቅ። ወታደር ምግቡን ሳታውቅ አይታከምም፤ ገበሬም እንደዚያው ነው።»

«ቅባቱንስ ምን ልበል? ጾም ነው።»

«ጎጃም ተቀምጠህ ቅባት አጣሁ ትላለህ?» አሉ፣ አሁን እውነትም ተቆጥተው። «ኑግ የለም? ተልባ የለም? የኑግ ልጥልጥ አጠገብ ተቀምጦ በደረቁ የሚውጥ ሰው ያየሁት በአንተ ዘመን ነው።»

ልጁ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። ጋሼ ግን በዚህ አላበቁም። በሚቀጥለው እሁድ ተመልሰን ወደዚያው መንደር ወጣን። የሰፈሩን የንስሐ አባት ጋ ገብተው ረዥም ሰዓት አወሩ። እኔ ውጭ ሆኜ ጠበቅሁ። ሲወጡ «ቄሱ ለታመመ ሰው ከመድኃኒት ጋር ጧትም ይቅመስ ብለው ሊያስተምሩ ነው። እኔ ብናገር ኖሮ ጾም ያስፈታል ብለው መድኃኒት ቤቴን ይዘጉት ነበር» አሉኝ። በጎጃም የፋርማሲ ሥራ ግማሹ ከቤተ ክህነት ጋር እንደሚሠራ ኮሌጅ ማንም አልነገረኝም።

እኔም ካርቶን ላይ ቁጥር መጻፍ ተውኩ። ለማያነብ ሰው በወረቀት ፀሐይና ጨረቃ እሥላለሁ፤ ከሥሩ የክኒኑን ብዛት በክብ በክብ። የመጀመሪያዋ ጨረቃዬ ሙዝ ነው የምትመስለው። አንድ ሽማግሌ «ይሄን ከሙዝ ጋር ነው የምውጠው?» ብለውኛል። ዕድሜ ለአዲሱ ደንብ፣ ከመሄዳቸው በፊት ያሰቡትን ነገሩኝ።

ከፋሲካ በኋላ እኚያው እናት ተመልሰው መጡ። አሁን ለራሳቸው ነው፤ የደም ግፊት። ማዘዣውን አይቼ መድኃኒቱን አወጣሁ። አስረዳኋቸው። ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱብኝ።

«ቆየኝ፣ እኔው ልንገርህ። ጧት ፀሐይ ስትወጣ አንዲት ፍሬ። ጾም ቢሆንም በውኃ እውጣታለሁ፣ አባቴን አስፈቅጃለሁ። ተሻለኝ ብዬ አላቆማትም። ለጎረቤት አላበድራትም። ከማለቋ በፊት እመለሳለሁ።»

«በትክክል እናቴ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉና ባንኮኒው ላይ ደገፍ አሉ። «በል እንግዲህ፣ አሁን አንተ ድገምልኝ።»

ከመደርደሪያው ጀርባ የጋሼ ሳል ተሰማ። ሳቅ መሆኑን አውቄዋለሁ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን አልነቀሉብኝም።

ደገምኩላቸው።