መብራት ሄዶ ሲመጣ የቆሰለው ቤታዬ፦ ከመጀመሪያው ጠዋት እስከ አዲሱ ጭራ

ቤታ ዓሣ ላላችሁ ሁሉ፣ በተለይ አዲስ አበባ ለምትኖሩ። ያለፉትን ሳምንታት ቁስለኛ ሳስታምም ነው የከረምኩት። ዳማ ይባላል። ቀይ ነው፣ ጭራው እንደ ነጠላ የሚንዘላዘል። አሁን ደህና ስለሆነ ልባችሁ ሳይሰቀል አንብቡት። ማስታወሻ ስይዝ ነበር፣ ከውስጡ የሚጠቅመውን መርጬ ላካፍላችሁ።

እንዴት ቆሰለ? መብራት ሄደ፣ ውሃውን እየሳበ የሚያጣራው ፊልተር ቆመ። ቤታ ሲያንቀላፋ የሆነ ነገር መደገፍ ይወዳል። አንዱ ቅጠል ላይ ይተኛል፣ አንዱ ከሂተሩ ጀርባ ይወሸቃል፣ ዳማ ደግሞ የፊልተሩ መሳቢያ ቱቦ ላይ ተለጥፎ ያድራል። ሌሊት መብራት ሲመለስ ሞተሩ በአንዴ ተነስቶ እዚያው የተኛውን ጭራ ይስባል። የነቃ ጤነኛ ቤታ የተራ ፊልተርን ጉልበት ታግሎ ያመልጣል፣ የተኛ ግን ዕድሉ ጠባብ ነው። ጠዋት ሳየው የጭራው ሲሶ ተተልትሏል፣ በግራ ጎኑ ቅርፊቱ ተነስቶ ነጣ ያለ ቦታ ይታያል፣ እሱም ወለሉ ላይ ተጋድሞ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

እንዲህ ሲሆን እጃችን ወደ መድኃኒት ነው የሚሮጠው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ መድኃኒት ከነዚህ በኋላ፣ ያውም ካስፈለገ። ንጹሕና ሞቃት ውሃ ውስጥ ያለ ቤታ የተቀደደ ክንፉን ራሱ ይሠራዋል። ቆሻሻ ወይ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያለው ግን የዓለምን መድኃኒት ብታፈሱለት አይድንም።

ፊልተሩን ነቀልኩና ዳማን በጆግ ከነውሃው ቀዳሁት። መረብ አልነካሁም። መረብ የተቀደደውን ክንፍ ይብስ ይቀድደዋል፣ ሰውነቱን የሸፈነውን የሚያሙለጨልጭ ልባስም ይገፍፋል። ባክቴሪያና ፈንገስን የሚመክተው ያ ልባስ ነው፤ ቅርፊቱ የተነሳ ቦታ ላይ ደግሞ ቀድሞውንም የለም። ያስገባሁት 5 ሊትር የሚይዝ ግልጽ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው። ጠጠር የለ፣ ጌጥ የለ፣ ባዶ ወለል። ቆሻሻው በዓይን ይታያል፣ ለማውጣትም አያስቸግርም። ውሃው ከራሱ አኳሪየም የተቀዳ ነው፣ ምክንያቱም የደከመ ዓሣ ላይ ድንገተኛ የውሃ ለውጥ ሌላ ሸክም ነው። የአኳሪየሙ ውሃ የቆሸሸ ከሆነ ግን ይሄ አይሠራም፣ የተዘጋጀ አዲስ ውሃ ቀስ እያደረጋችሁ ጨምሩ።

የውሃውን ጥልቀት ከአንድ ስንዝር አሳነስኩት። ቤታ ከስንጥቡ ሌላ በቀጥታ አየር የሚተነፍስበት አካል ጭንቅላቱ ውስጥ አለው፣ ወደ ላይ እየወጣ አየር ካልጎረሰ ይታፈናል። አምባዛ ከሐይቅ ወጥቶ ጀልባ ላይ ለሰዓታት ሲንፈራገጥ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፣ እሱም በራሱ መንገድ አየር ይተነፍሳል። ጭራው የተተለተለ ዓሣ ከጥልቅ ውሃ ተነስቶ ላይ ለመድረስ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይጨርሳል። ክዳን አድርጉ፣ ግን በውሃውና በክዳኑ መሀል አየር ይኑር። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ከቆላው ያነሰ ስለሆነ ላዩ ላይ ያለው አየር ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ሙቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኛ አገር ብዙ ቤታ የሚያልቀው በብርድ ይመስለኛል። ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ ዓሣ ነው፣ በሩዝ ማሳና ጥልቀት በሌለው ሞቃት ረግረግ የሚኖር። ታይላንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋዋለች። ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል። እኛ ጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ሌሊት ማሞቂያ በሌለው ክፍል የተቀመጠ ውሃ ከ20 በታች ይወርዳል። ዓሣ ደግሞ የሰውነቱ ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው። ሲበርደው አይበላም፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይቀዘቅዛል፣ ቁስሉም ባለበት ይቆማል።

ለ5 ሊትር ዕቃ 25 ዋት ሂተር በቂ ነው፣ ቴርሞሜትር ግን አብሮ ይኑር፣ ሂተር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። መብራት ሲጠፋስ? ሁለት ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ የፈላ አይደለም፣ በደንብ ከድናችሁ ዕቃው ውስጥ አንሳፍፉ። ዕቃውን በጋቢ ጠቅልሉት፣ ከላይ ለአየር ክፍተት ትታችሁ። ስታሞቁ አትጣደፉ። 19 ዲግሪ ላይ ያገኛችሁትን ዓሣ በግማሽ ሰዓት 27 ብታደርሱት ታስደነግጡታላችሁ፣ በሰዓት አንድ ሁለት ዲግሪ ይበቃል።

ውሃውን በየቀኑ ግማሹን እቀይር ነበር። ፊልተር በሌለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ዓሣው የሚያወጣው አሞኒያ የሚበላው ባክቴሪያ ስለሌለ እዚያው ይጠራቀማል። አሞኒያ ስንጥብ ያቃጥላል። ሙቀቱና ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ባለ ቁጥር መርዝነቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ ሂተር ከሰካችሁ ውሃ መቀየሩን መዝለል አትችሉም። መመርመሪያ ያላችሁ አሞኒያም፣ ባክቴሪያ አሞኒያን ሲበላ የሚወጣው ናይትራይትም ዜሮ መሆን አለባቸው። የሌላችሁ ደግሞ ውሃው ጥርት ብሎ ታየ ብላችሁ አትዘናጉ፣ አሞኒያ በዓይን አይታይም።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ክፍቱን አንድ ቀን ሙሉ ካሳደራችሁት፣ አልፎ አልፎም ካማሰላችሁት፣ ክሎሪኑ ይተናል። ክሎራሚን የሚባለው (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተዋህዶ የሚሆነው) ግን በማሳደር አይለቅም፣ ለሱ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ያስፈልጋል። ጠብታው ካላችሁ በሁለቱም ተጠቀሙበት፣ ከጭንቀት ያሳርፋችኋል። ውሃ በፈረቃ የምታገኙ ሰዎች፣ ለዓሣው የሚሆን አንድ ጀሪካን ሁልጊዜ ለብቻ አስቀምጡ። አዲሱን ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ሙቀቱን ከዕቃው ውሃ ጋር አስተካክሉ።

ጨው የሚባለው ነገር እውነት ይሠራል? ለዚህ ዓይነት ቁስል አዎ፣ በመጠኑ። የዓሣ ሰውነት ከሚኖርበት ጨው አልባ ውሃ ይበልጥ ጨዋማ ነው። ቆዳው ሲከፈት ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጨው ወደ ውጭ ያመልጣል፣ ኩላሊቱም የገባውን ውሃ ሲያባርር ይውላል። ውሃው ላይ ትንሽ ጨው ሲኖር ይሄ ሥራ ይቀልለታል። እኔ የተጠቀምኩት በሊትር 1 ግራም ነው። ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ወይም 6 ግራም ስለሚሆን ለ5 ሊትር ዕቃ አንድ ማንኪያ ማለት ነው። ለብቻ በጥብጣችሁ፣ በሰዓታት ልዩነት ከፋፍላችሁ አፍስሱ። ፍሬውን ዓሣው ላይ እንዳትበትኑ!

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ጨው አይተንም። ግማሽ ውሃ ስትቀይሩ ለቀየራችሁት ግማሽ ብቻ ነው ጨው የምትጨምሩት፣ አለዚያ ሳታውቁት በየቀኑ እያከረራችሁት ትሄዳላችሁ። ከአሥር ቀን በላይ አታቆዩት። ስታቆሙም በአንዴ ሳይሆን ጨው በሌለው ውሃ ቀስ በቀስ እየተካችሁ ነው። ተክልና ቀንድ አውጣ ጨው አይወዱም፣ ስለዚህ ዋናው አኳሪየም ውስጥ አይጨመርም።

አንቲባዮቲክ ካፕሱል ከፍቼ እንድበትን የመከሩኝ ነበሩ። ቴትራሳይክሊን፣ ከፋርማሲ። አላደረግኩትም። ቴትራሳይክሊን ካልሲየምና ማግኒዢየም ከበዛበት ውሃ ጋር ተጣብቆ ሥራ ይፈታል፣ መጠኑም በግምት ነው የሚሆነው፣ በዚያ ላይ ባክቴሪያ ሳይኖር አንቲባዮቲክ መስጠት ምን ይሉታል? አክስቴ ደግሞ «ፌጦ ብታደርግለትስ?» አለችኝ። ለሰው የምታዝዘውን ነው ያዘዘችለት፣ እግዜር ይስጣት። ቁስሉን በአልኮል ወይም በአዮዲን መጥረግንም እርሱት። ዓሣውን ከውሃ አውጥቶ ማንገላታቱ ብቻውን ከቁስሉ ይብሳል።

አሁን ወደ ማስታወሻዬ። የመጀመሪያውን ቀን ምግብ አልሰጠሁትም። መብራት አጥፍቼ ዕቃውን በጨርቅ ከለልኩት። በማግስቱ ከወለሉ ተነሳ፣ ክንፎቹን ግን ሰብስቦ ነበር። ክንፍ መሰብሰብ የጭንቀት ምልክት ነው። ከዚያ አንድ ፍሬ ምግብ ሰጠሁት፣ አየው፣ ተወው፣ ወዲያው አወጣሁት። ያልተበላ ምግብ አሞኒያ ነው የሚሆነው። በሦስተኛው ቀን ግድም በላ፣ ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ለማይመለከተው ሰው ሁሉ ደወልኩ።

ጎኑ ላይ ያለው ቁስል መጀመሪያ ስስ ጭጋግ የመሰለ ነገር ለበሰ። ይሄ አያስደነግጥ፣ ሰውነቱ የሚያመነጨው ልባስ ነው። የሚያስፈራው እንደ ጥጥ ብን ብን የሚልና ውሃው ሲንቀሳቀስ የሚወዛወዝ ከሆነ ነው፣ እሱ ፈንገስ ነው። ያኔ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ የፈንገስ መድኃኒት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ በተለየው ዕቃ ውስጥ ብቻ። ዋናው አኳሪየም ውስጥ ካፈሰሳችሁት የፊልተሩን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይገድላል፣ እጃችሁንም ጠረጴዛችሁንም ሰማያዊ ያደርጋል። ፈንገስ የሚመስል፣ ግን ባክቴሪያ የሆነ ሌላ በሽታም አለ፤ ኮለምናሪስ ይባላል። ግራጫ ነጭ ሆኖ ብዙ ጊዜ ጀርባ ላይ እንደ ኮርቻ ይነጠፋል፣ አፍ ዙሪያም ይወጣል፣ በቀናት ውስጥ ይስፋፋል። ሙቀት ያፋጥነዋል። «ቁስል ስላለ 30 ዲግሪ አድርሰው» የሚለውን ምክር የማልወደው ለዚህ ነው።

የጭራውን ጫፍ በየቀኑ በስልክ ፎቶ እያነሳሁ አነጻጽር ነበር። ይሄን ሁላችሁም አድርጉት፣ በየቀኑ የሚያይ ዓይን ለውጥ አይለይም። ጫፉ የተቀደደ ብቻ ከሆነ ቀለሙ ከቀሪው ክንፍ ጋር አንድ ነው። ጥቁር ወይም ደም የመሰለ ጠርዝ እየያዘ ወደ ውስጥ እየበላ ከሄደ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፣ መድኃኒት የሚታሰበውም ያኔ ነው። ከሳምንት በኋላ ዳማ ጫፉ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ የጠራ ነገር አወጣ። ይሄን አይታችሁ «ተላጠ» ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ አዲስ ክንፍ ሲበቅል መጀመሪያ ቀለም የለውም፣ በኋላ ነው የሚቀላው። አሁን አብዛኛው ሞልቷል፣ ትንሽ የተጨማደደ ነው፣ ቀለሙም ከበፊቱ ፈዘዝ ይላል። ቅርፊቱም እየተመለሰ ነው። ጉዳቱ የጭራውን ሥር፣ ሥጋውን ነክቶ ቢሆን ኖሮ ያ ቦታ ላይበቅል ይችል ነበር።

በዚሁ ሰሞን የጓደኛዬ ቤታ ዘሎ ወለል ላይ ተገኘ፣ አቧራ ተለጥፎበት፣ የደረቀ መስሎ። ሊጥለው ነበር። እጅህን አርጥበህ ወደ ራሱ ውሃ መልሰው አልኩት፣ መለሰው፣ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ስንጥቡ ተንቀሳቀሰ። አየር የሚተነፍስ ዓሣ ስለሆነ ሰውነቱ እርጥብ እስካለ ድረስ ከምታስቡት በላይ ይቆያል። አቧራውን አትፈትጉት፣ ራሱ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ዳማ ካገኘው አይለይም።

ቤቴ ውስጥ የለወጥኩት ነገር ቢኖር ፊልተሩን ነው። በአየር የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር አስገባሁ፣ የሚስብ ቀዳዳ የለውም። የድሮውን መተው የማትችሉ መሳቢያውን በሴቶች ስቶኪንግ አልብሱት፣ በላስቲክም እሰሩት። በነገራችን ላይ በዚያው ስቶኪንግ የፕላስቲክ ጌጦቻችሁን አሻሹ፣ ክሩን ከጎተተው ክንፍም ይቀድዳል። የሞተሩን ሶኬት ለብቻው ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ዲቫይደር ላይ ሰክቼዋለሁ፣ መብራት ሲሄድ አጠፋዋለሁ፣ ሲመጣ ዓሣዎቹን አይቼ ነው የማበራው። ሌሊት ከሆነ ግን ማን ይነሳል? ለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ እያሰብኩ ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ አንድ ሙሉ ሌሊት ይዘልቃል ወይ? ድምፁስ እንዴት ነው? ንገሩኝ።