አራተኛው ጣት

ከትናንት ወዲያ ማታ ከጎረቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ ስልኩ ጮኸ። አየት አድርጎ ጃኬቱን አነሳ። እዚህ አሜሪካ የጭነት ባቡር ኮንዳክተር ነው። ሲጠሩት ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ቦርሳው ከበሩ ሥር አይነሳም። «ያኔ ለአድማ ብንወጣ ኖሮ...» አለና ሳይጨርሰው ሄደ።

«ያኔ» የሚለው 2022 (እ.ኤ.አ.) ነው። 12 የባቡር ሠራተኞች ማኅበራት ከኩባንያዎቹ ጋር ሲደራደሩ በአምስት ዓመት 24 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተሰጣቸው። ብሩ አይከፋም። ሰዎቹን ያንገበገባቸው ግን ሲታመሙ ፈቃድ ወስዶ ቤት መተኛት አለመቻሉ ነበር። አራት ማኅበራት ስምምነቱን አንቀበልም አሉ። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ኮንግረስ በሕግ ጫነባቸው፤ ባይደንም ፈረሙ። የሰባት ቀን የሕመም ፈቃድ ሴኔት ውስጥ 52 ለ43 አግኝቶ ወደቀ። 60 ያስፈልግ ነበራ! አብላጫ አግኝቶ መውደቅ እስካሁን አይገባኝም።

ታዲያ ማኅበሩን ሳይጠብቁ ለምን አልወጡም? ሕጉ ያስፈራል፣ እውነት ነው። ፍርድ ቤት ያግዳል፣ ኩባንያው ያባርራል፣ ማኅበሩ ራሱ «ተመለሱ» ማለት ይኖርበታል። ግን በ1877 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ማርቲንስበርግ ከተማ ላይ ደመወዛቸው ሲቆረጥ ሎኮሞቲቮቹን ከፉርጎ የፈቱት ሰዎች ማንን አስፈቀዱ? በ1920 ቺካጎ ውስጥ ፉርጎ የሚያቀያይሩት ሠራተኞች ሲያድሙም የገዛ ማኅበሮቻቸው መሪዎች ናቸው «ሕገወጥ» ያሏቸው።

እኔ የምሠራበት መጋዘን አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሥራ አቁመናል። አንዱን ልጅ ያለ ጥፋቱ ወደ ቤት ሲሰዱት ሁላችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። ስብሰባ የጠራ የለም። በየቀኑ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለምናርፍ ማን እንደሚቀመጥ እናውቅ ነበር። አለቃው ልጁን ከመኪና ማቆሚያው መልሶ አመጣው።

ባቡር ላይ ይሄ ጠረጴዛ የለም። ሁለት ሰው ሎኮሞቲቭ ውስጥ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሁለት። ጎረቤቴ ለዓመታት በሬዲዮ ድምፃቸውን የሚሰማቸው፣ መልካቸውን ግን አይቶት የማያውቅ ባልደረቦች አሉት። ለዚህ ነው ያለ ማኅበር የሚመታ የባቡር አድማ በቅርቡ የማይታየኝ። ብሶቱማ ሞልቷል።

ዛሬ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ። «ብትወጣ ማን ይከተልሃል?» አልኩት። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አራት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እሱ ለካ ጡረታ ወጥቷል» አለና ጣቱን መልሶ አጠፈ።