«ከድሮ የቀረ ምን ዕቃ አለ?»

ጅማ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። የሰፈራችን ሰው ከየት ከየት ተሰባስቦ እዚህ እንደከተመ የሚያሳይ ትልቅ ካርታ ከታሪክ ክበብ ልጆች ጋር ለመሥራት ስንነሳ፣ አንድ ክረምት ይበቃናል ብዬ ነበር። ሁለት ክረምትና በመሀል ያለው በጋ ሄደበት። የዘገየነው በእኔ ጥፋት ነው፤ ሥራውን የጀመርኩት በተሳሳተ ጥያቄ ነበርና።

መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ቅጽ ስም፣ ብሔር፣ «ቤተሰብዎ ከየት መጣ?» የሚል ነበር። ልጆቹ ይዘውት እዚሁ ጅማ መርካቶ ገበያ ወረዱ። ሰው ሁሉ በአንድ ቃል መልሶ ይሸኛቸዋል። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ራሴ ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀብለው አዩት፣ ሁለት ጊዜ አጠፉትና መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ግን ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አላዩኝም።

ነገሩ ሰነበተብኝ። ምክንያቱን ማወቅ ነበረብኝ፤ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነው። የዛሬዋ ጅማ የበቀለችው ሂርማታ ከሚባለው ገበያ ዙሪያ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም፣ በምዕራቡ አገር ከነበሩት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ፈረስና ከብት ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ፣ ከከፋና ከዳውሮ ወገን ተይዘው የመጡ ልጆችና ሴቶች በዚህ ገበያ አልፈዋል። አንዳንዶቹ ወደ ሰሜን ተነዱ፣ አንዳንዶቹ እዚሁ ቀርተው ወለዱ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ይህን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ያሳደጓቸው ልጆች ዛሬም አብረውን አሉ። እንግዲህ «ከየት መጣችሁ?» ማለት ለአንዱ የአያቱን ገድል መጠየቅ ነው፤ ለሌላው እናቱ እንኳ አፍ አውጥታ ያልነገረችውን ነገር በአደባባይ ተናገር ማለት ነው።

ቅጹን ጣልነው። በምትኩ ልጆቹ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው እንዲሄዱ አደረግኩ፦ «ቤታችሁ ከድሮ የቀረ ምን ዕቃ አለ?» ሰው ስለ ዕቃው እስከፈለገበት ያወራል፤ ባልፈለገበት ያቆማል።

በር የከፈተልን የመጀመሪያው ዕቃ ጠገራ ብር ነው። የአንዱ ተማሪዬ ቅድመ አያት ከአንገታቸው አውልቀው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። በጫፉ ቀለበት ተበይዶበት ጌጥ ሆኗል። ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማርትሬዛ ዓይንዋና አፍንጫዋ በጣት ብዛት ለስልሶ ጠፍቷል፤ 1780 የሚለው ቁጥር ግን ይነበባል። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ብሩ ይኸው ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ ኖረ፤ ነጋዴው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልማ። «አባቴ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ሳይቆጥር አይወስድም ነበር» አሉን፤ ጉጦቹን በጥፍራቸው እየነኩ። አያታቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ ከጎጃም፣ ከባሶ ገበያ አሞሌ ጨው ጭነው አባይንና ግቤን ተሻግረው የመጡ። አንድ ጊዜ መጥተው ሚስት አገቡና ቀሩ።

ከዚህ አንድ ብር ተነስቶ መንገዱ ሁሉ ተገለጠልን። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ይመጣል። በሄደ ቁጥር ይወደዳል፤ ትግራይ ላይ ርካሽ የነበረው ጨው እዚህ ሲደርስ ጥሩ ገንዘብ ነው። ሲመለሱ ደግሞ የጫካውን ሀብት ይጭናሉ። ከቦንጋ ሂርማታ፣ ከሂርማታ በሊሙ እናርያ ሰቃ፣ ከሰቃ ባሶ፣ ከዚያ ጎንደርና ምጽዋ። በየድንበሩ ኬላ አለ፣ በየኬላው ቀረጥ አለ። ነጋዴዎቹ ሃይማኖትም ይዘው መጡ፤ እስልምና በግቤ አገር የተስፋፋው በአመዛኙ በእነሱ እግር ነው። ልጆቹ ይህን በክር ሲያስሩት ካርታው ላይ ሂርማታ የሸረሪት ድር እምብርት መሰለች። እኔ እስከዚያ ድረስ ጅማን የሠራት ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው ብዬ ነበር የማስተምረው። አሁን ከገበያው ነው የምጀምረው።

ሁለተኛውን ስህተቴን ያረመችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ካርታው ላይ ኦሮሞውን «ነባር»፣ ሌላውን ሁሉ «መጤ» ብዬ በሁለት ቀለም ከፍዬው ነበር። «ቲቸር፣ ከኦሮሞ በፊትስ ማን ነበር?» አለችኝ። መልሱ አጠገባችን ባለ ስም ውስጥ ነበር። ሊሙ እናርያ ስንል ሁለት ዘመን አብረን እንጠራለን፤ ሊሙ የኦሮሞው ነገድ ነው፣ እናርያ ደግሞ ከእሱ በፊት እዚያው የነበረ፣ ለክርስቲያን ነገሥታት ወርቅ ይገብር የነበረ መንግሥት። ኦሮሞው ወደ ግቤ የገባው በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የነበረው ሕዝብ ከፊሉ ጎጀብን ተሻግሮ ሸሸ፤ ብዙው ግን እዚያው ቀርቶ በሞጋሳ የጎሳው ልጅ ተባለ፣ ቋንቋውንም ለወጠ። የጋሮ መንግሥት በጅማው ንጉሥ በአባ ጎሞል ዘመን እስኪወድቅ ድረስ ለብቻው ቆሞ ነበር። የም የሚባሉትም ጎረቤቶቻችን ነበሩ፣ አሁንም ናቸው። ሁለቱን ቀለም ፍቀን በስስ አሳላፊ ወረቀት ሦስት ሽፋን ሠራን፤ አንዱ ባንዱ ላይ ሲነባበር የታችኛው ይታያል።

አባ ጅፋር ዳግማዊ (ስሙ ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ የጅፋር ጌታ ማለት) ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነገሡ። ለምኒልክ ሳይዋጉ ገብረው አገራቸውን በእጃቸው አቆዩ፤ የነፍጠኛ ጦር ጅማ ላይ አልሰፈረም፣ ነጋዴም አልሸሸም። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን ተዋጉ፤ በ1897 እ.ኤ.አ. ተያዙ፣ አገራቸውም ተራቆተ። ልጆቹ ሁለቱን ሲያነጻጽሩ ጅማን ማድነቅ ጀመሩ። እዚህ ላይ ግን አስቆምኳቸው። የከፋ አገር ጥፋት ለሂርማታ ገበያ ሲሳይ ሆኗልና፤ ያ ሰላም ያበለጸገው ንግድ ሰውንም ይጨምር ነበር። ይህን ሳልናገር ስለ ጅማ ብልጽግና መናገር አልችልም፤ ልጆቹም እንዲችሉ አልፈልግም።

ጣሊያን የሠራቸውን ሕንጻዎችና የአዲስ አበባን መንገድ፣ ቀጥሎም ቡናው ውድ ሲሆን ለቀማ መጥተው የቀሩትን ሰዎች በአንድ ወር ጨረስናቸው። ለዚያ ዘመን መረጃው ቅርብ ነው፤ ጀንፈል፣ ማለትም ያልተፈለፈለ ቡና፣ ሲያሰጡ ያደጉ አባቶች በየቤቱ አሉ።

አንድ ሥርዓት ግን ወደ መጨረሻ ነው የገባኝ፣ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ባላስከፋን። የሰማነውን ሁሉ ጽፈን ከጨረስን በኋላ ማስታወሻውን ለባለቤቱ መልሰን እናነብለታለን። «ይሄን አውጣው» ካለ እዚያው ፊቱ እንሰርዛለን። ሦስት ቤቶች አሰርዘውናል። አንዱ የሰረዝነው ከሰማሁት ሁሉ ትልቁ ታሪክ ነበር።

ካርታውን ለወላጆች ባሳየንበት ቀን የኮረሪማ ሻጯ እናት መጡ፤ የልጅ ልጃቸው እኛው ጋ ኖራ አላወቅኩም። ብዙ ሰዓት ቆመው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ከጎጀብ በታች አሳርፈው ቀስ እያደረጉ እስከ ሂርማታ አመጡት።

«ከዚህ ነው» አሉ። «ስም አትጻፉበት።»

የልጅ ልጃቸው መስመሩን በእርሳስ አሰመረችው። አዩትና «በእስክሪብቶ አድርጊው» አሏት።