ኢሲጂ ማንበብ የለመድኩበት መንገድ

ተማሪ ሳለን ኢሲጂን፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ የሚስለውን ምርመራ፣ ያጠናነው በበሽታ ስም ነበር። ለአንድ በሽታ አንድ ናሙና፣ ችግሩ ያለበት ቦታም በቀስት ተጠቁሞ። ለፈተና ይበቃል። ድንገተኛ ክፍል ስመደብ ግን ቀስት የሚባል ነገር የለም። ታካሚው ያልበዋል፣ ያቃስታል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ይንቀጠቀጣል። አስታማሚው አጠገቤ ቆሞ «ዶክተር፣ ልቡ ምን ሆነ?» ይለኛል። ያኔ ትምህርቱን ከሌላ ጫፍ መጀመር እንዳለብኝ ገባኝ።

የጀመርኩት ከጤነኛው ነው። ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጁ ሰዎች ኢሲጂ ይነሳሉ። አብዛኛው ደህና ስለሚሆን ማንም ልብ ብሎ አያየውም። እኔ እሱን ማጥናት ያዝኩ። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር ይሄዳል። ስለዚህ አንዷ ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ፣ ትልቋ ደግሞ 0.2 ሰከንድ ናት። ከፒ (የልብ ላይኛ ክፍሎች ሞገድ) መነሻ እስከ ኪው አር ኤስ (የታችኛ ክፍሎቹ ሞገድ) መነሻ ያለው፣ ፒ አር የሚባለው፣ ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ካሬ ይሆናል። ኪው አር ኤስ ራሱ ከ3 ካሬ ማነስ አለበት። ሊድ የምንለው ልብ የሚታይበትን አቅጣጫ ነው፤ በደረት ሊዶቹ ከቪ1 ወደ ቪ5 ስንሄድ የአር (የኪው አር ኤስ ወደ ላይ የሚቆመው ክፍል) ቁመት ቀስ በቀስ ይጨምራል። ከእጅና እግር ሊዶቹ አንዱ በሆነው ኤቪአር ላይ ሁሉም ነገር ወደ ታች ቢሆን ችግር የለውም፤ ቪ1 ላይም ቲ (ከኪው አር ኤስ ቀጥሎ የሚመጣው ሞገድ) ቢገለበጥ አያስደነግጥም። ይህን በየቀኑ ያየ ዓይን፣ ያልተለመደ ነገር ሲመጣ ስሙን እንኳ ባያውቀው ይቆረቁረዋል።

ሁለተኛው ነገር ቅደም ተከተል ነው። ዓይን ጎልቶ ወደሚታየው ነገር ይሮጣል፤ ሌላው ችግር እዚያው ወረቀት ላይ ተደብቆ ያልፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የምሄደው። መጀመሪያ የታካሚው ስም፣ ሰዓቱና ጠርዝ ላይ ያለችው የመለኪያ ምልክት። ምልክቷ 10 ሚሊሜትር መቆም አለባት። ማሽኑ በግማሽ ተስተካክሎ ከሆነ የሞገዶቹ ቁመት በሙሉ ያሳስታል። ከዚያ የምቱ ፍጥነት፦ 300ን በሁለት አር መካከል ባሉት ትልልቅ ካሬዎች ብዛት አካፍላለሁ። ምቱ የተዘበራረቀ ከሆነ በ10 ሰከንዱ ወረቀት ላይ ያሉትን ኪው አር ኤሶች ቆጥሬ በ6 አባዛለሁ። ቀጥሎ ፒ አለ ወይ፣ እያንዳንዱ ፒ ኪው አር ኤስ ይከተለዋል ወይ፣ የኪው አር ኤሱ ስፋትስ? ኤስ ቲ (ከኪው አር ኤስ እስከ ቲ ያለው መስመር)፣ ቲ እና ኪው ቲ (ከኪው አር ኤስ መነሻ እስከ ቲ መጨረሻ ያለው ጊዜ) መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ማሽኑ ራሱ ጽፎ የሚያወጣውን ውጤት እስክጨርስ ድረስ አጥፌ እሸፍነዋለሁ። ልኬቱ ጥሩ ነው፤ ትርጉሙ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። በተለይ ደረቱን ያላመመው ጤነኛ ወጣት ቪ2 እስከ ቪ4 ላይ ኤስ ቲው ትንሽ ከፍ ሲል «የልብ ጥቃት» (ሃርት አታክ) ብሎ ያስደነግጣል። በእኛ ወጣቶች ላይ ይህ በብዛት ይታያል፣ ከአንዱ ኢሲጂ ወደ ሌላውም አይለዋወጥም።

ሌላው ወረቀቱን ከማመን በፊት አልጋውን ማየት ነው። ሊድ 1 ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ኤቪአር ላይ ወደ ላይ ከቆመ፣ የቀኝና የግራ እጅ ገመድ ተለዋውጦ እንደሆነ ቀድሜ አያለሁ። ልቡ በቀኝ በኩል ያለ ሰው ላይም እንዲህ ይሆናል። በእሱ ላይ ግን የደረት ሊዶቹ አር ወደ ቪ6 ሲሄድ እያነሰ ይመጣል፤ ገመድ ብቻ ሲለዋወጥ ደረቱ እንደ ደንቡ ነው። ብርድ ያንቀጠቀጠው ታካሚ መስመርም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (ፒ የሌለው የተዘበራረቀ ምት) ሊመስል ይችላል። ጋቢ ደርበንለት፣ ትንሽ አረፍ ካለ በኋላ ስናነሳው ፒዎቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

አንድ ማታ ተረኛ ሆኜ ያየሁት ወረቀት ይህን ሥርዓት እንዳጠብቅ አድርጎኛል። ታካሚው ኩላሊታቸው የደከመ፣ እጥበት ያመለጣቸው አባት ነበሩ። «እግሬ አልታዘዝ አለኝ እንጂ ደረቴን አላመመኝም» አሉኝ። ቪ2 እስከ ቪ4 ላይ ቲው እንደ ድንኳን ሾጥጦ፣ ግርጌው ጠቦ ቆሟል። ዓይን እዚያ ይቀራል። በተራ ስሄድ ግን ፒው ተደፍጥጧል፣ ፒ አር ረዝሟል፣ ኪው አር ኤሱም መስፋት ጀምሯል። ቲው ፖታሲየም መጨመሩን ይጠቁማል፤ የኪው አር ኤሱ መስፋት ደግሞ ጊዜ እንደሌለ ይናገራል። ላብራቶሪውን አልጠበቅንም። ሲስተሯ ሞኒተሩን አሰረች፣ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ቀስ ብለን ሰጠን። በደቂቃዎች ውስጥ ኪው አር ኤሱ እየጠበበ ሲመጣ በዓይናችን አየነው። ካልሲየም ፖታሲየሙን አያወርደውም፤ ለጊዜው ልብን ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር፣ ሳልቡታሞልም ጨመርን፤ ከዚያ ወደ እጥበት ተላኩ።

አገራችን ላይ ኢሲጂ የሚያነብ ሰው ሩማቲክ የልብ ሕመምን ልቡ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የተነሳ ቫልቭ የሚጎዳበት ይህ በሽታ አሁንም ብዙ ወጣት ያስተኛል። ትንፋሽ ያጠራት ወጣት ሴት፣ ምናልባትም እርጉዝ፣ ስትመጣ ሊድ 2 ላይ ፒውን እለካለሁ። 3 ካሬ ደርሶ ባለ ሁለት ጉብታ ከሆነ፣ ቪ1 ላይም የፒው ጫፍ ወደ ታች ሰፋ ብሎ ከወረደ፣ የግራው ላይኛ ክፍል ተለጥጧል ማለት ነው። አክሲሱ (የልብ ኤሌክትሪክ አጠቃላይ አቅጣጫ) ወደ ቀኝ ካዘነበለ ማይትራል ቫልቩ (በግራው ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ያለው) ሳይጠብ አይቀርም ብዬ ለኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እልካታለሁ። በሽታው ሲገፋ ፒው ጭራሽ ይጠፋል፣ ምቱም ሥርዓት ያጣል። ይህን ማለፍ ከባድ ነገር ያመጣል፤ በልብ ውስጥ የሚረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያስከትላል። ቫልቩ የጠበበ ሰው ላይ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ነው።

ቲቢም ኢሲጂ ላይ ይታያል። ልብን የከበበው ከረጢት ውሃ ሲቋጥር ሞገዶቹ በሁሉም ሊድ ያጥራሉ። አንዳንዴ አንዱ ኪው አር ኤስ ረጅም፣ ቀጣዩ አጭር እየሆነ ይፈራረቃል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በዳኩዊሊን፣ ክሎፋዚሚን ወይም ሞክሲፍሎክሳሲን የሚወስዱ ሰዎች ላይ ደግሞ የማተኩረው ኪው ቲው ላይ ነው። ምቱ መደበኛ ሲሆን በሁለት አር መካከል ካለው ርቀት ግማሹን ካለፈ ቁጭ ብዬ አሰላዋለሁ። በምቱ ፍጥነት ልክ ተስተካክሎ ከ500 ሚሊሰከንድ ከበለጠ ዝም አይባልም፤ ፖታሲየምና ማግኒዥየሙ ይታያል፣ መድኃኒቱን ከሚከታተለው ክፍል ጋር እንነጋገራለን።

ደረቱን አመመኝ ብሎ ለመጣ ሰው ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት። ሊድ 2፣ 3 እና ኤቪኤፍ ላይ ኤስ ቲው ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ሲመስለኝ ኤቪኤልን አያለሁ። እዚያ ወደ ታች ከወረደ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ከዚያ አንዷን ገመድ ወደ ቀኝ ደረት አዙሬ አነሳለሁ፤ የቀኙ የልብ ክፍል ከተጎዳ ናይትሬት (የደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት) የደም ግፊቱን ክፉኛ ሊጥለው ይችላልና። የመጀመሪያው ወረቀት ደህና ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ «ነፃ ነህ» ብዬ አልሸኝም። በየ15 እና 30 ደቂቃው እደግመዋለሁ።

ለማነጻጸር የድሮ ኢሲጂ የሚያህል ነገር የለም፤ ግን ማሽኑ የሚያትምበት ወረቀት ሙቀት ሲነካውና ሲቆይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱንና «ሕመም አለው» ወይም «የለውም» የሚለውን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ከዚያ ታካሚው ወይም ልጁ በስልኩ ፎቶ እንዲያነሳው አደርጋለሁ። ሌላ ከተማ ሲታመም ለሚያየው ሐኪም ያቺ ፎቶ ትልቅ ነገር ናት።