አንደኛ የወጣው ልጅ

ሰኔ 30 ነው። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ ስውል ልቤ ያለ ምክንያት ከብዶኝ ነበር። እህቴ ደውላ ትንሿ ልጇ ከክፍሏ 3ኛ መውጣቷን አበሰረችኝ፤ ደስታዋ ከድምጿ ሳይጠፋ እኔ ሌላ ሐሳብ ይዞኝ ሄደ።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845,188 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያኔ ሁላችንም ስለ ቁጥሩ አዝነናል፣ ተከራክረናል። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ግን አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላሰብኩም ነበር፤ ሰልፍ ላይ ስሙ ተጠርቶ ደብተርና እስክሪብቶ የተሸለመ፣ ጓደኞቹ የቤት ሥራ የሚኮርጁት፣ እናቱ በጎረቤት ፊት የምትኮራበት ልጅ። ለዚያ ልጅ ጎበዝ ነህ ያልነው እኛው ነን።

እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ፣ አልፌበታለሁና። እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረን 9ኛ ስንገባ ትምህርቱ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነ። በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚያስተምረው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ሰከንዶች ጠብቆ፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር፤ የክፍላችን መምህር ደግሞ በቀረችው ጥቂት ደቂቃ ሰሌዳውን በማስታወሻ ይሞላል፣ እኛም አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይዘን ሳይገባን እንገለብጣለን። የክፍል ፈተናው የሚወጣው ከዚያው ማስታወሻ ስለሆነ፣ ትርጉሙን ባያውቅም ቃል በቃል የሸመደደው ከፍተኛውን ውጤት ያገኛል። እኔም በዚህ መንገድ ከአንድም ሁለቴ ተሸልሜያለሁ። ደረጃ የሚነግረን አንድ ልጅ አጠገቡ ከተቀመጡት መብለጡን ብቻ ነው፤ ሁሉም ካልገባቸውም አንደኛ የሚወጣ አይጠፋም።

መምህራኑን መውቀስ አልችልም። የሒሳብ መምህራችን በጠዋቱም በከሰዓቱም ፈረቃ እያስተማረ፣ አንዲት ክፍል ከባልደረባው ጋር ተጋርቶ ይኖር ነበር፤ ሰባ ደብተር ማረም ሲያቅተው ራይት ብቻ እያደረገ ይመልስልን ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ሄደው እንዲፈተኑ መደረጉ ኩረጃውን ለመግታት ተገቢ እርምጃ እንደነበር አምናለሁ። የሚያሳዝነኝ፣ ያ አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ እውነቱን የሰማው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ማስተካከያ ጊዜው ካለፈ ወዲያ መሆኑ ነው። 3ኛ ክፍል እያለ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አንድ ገጽ ቢያስነብበው ኖሮ እንዳልገባው ያኔውኑ ይታወቅ ነበር።

እህቴ ልጇን ነሐሴ ላይ ወደ እኔ ትልካታለች። መጽሐፏን ይዛ እንድትመጣና አንድ ገጽ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንድታነብልኝ፣ ያነበበችውንም በራሷ ቃል እንድትነግረኝ ልጠይቃት አስቤያለሁ። ባይሆንላትስ? ለማን ነው የምናገረው፤ ለእሷ፣ ዛሬ እንዲያ ለተደሰተችው እናቷ ወይስ ሰባ ልጅ ለያዘችው መምህሯ?